አበጀህ ስለምትባለው ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ከአፋቸው የማይለዩአት፣ ዛሬ ግን ከብዙ ሰው አንደበት እየራቀች የሄደች አንዲት አጭር ቃል አለች። ይህችውም «አበጀህ» የምትባለው ናት። ለሴት «አበጀሽ»፣ ለብዙዎች «አበጃችሁ» ትባላለች። ልጅ ውኃ ቀድቶ ሲመለስ፣ እረኛ የጠፋችውን በግ ፈልጎ ሲያገባ፣ አዲስ ሙሽራ የመጀመሪያ እንጀራዋን ጋግራ ስታቀርብ፣ ሽማግሌው ወይም አሮጊቲቱ ይህችን አንዲት ቃል ይናገራሉ፤ ሌላ አይጨምሩባትም። ሰሚውም ከዚያ የበለጠ አይጠብቅም።

ቃሊቱ የጓዳና የመስክ ቃል ናት እንጂ የመቅደስ ቃል አይደለችም። ስለዚህ በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ ስለ እርስዋ መጻፋችን አንዳንዱን አንባቢ ሳያስደንቀው አይቀርም። ነገር ግን ከሥርዋ ስንመረምራት ትምህርት አገኘንባት፤ ከትምህርቱም ጋራ የራሳችንን ጥፋት አገኘንባት። ሁለቱንም ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በላስታ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ የሰማነው ነው። አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከዓለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። መንገዱ አቀበት ነው፤ ወደ ላይ ሲቃረቡም በዓለት መካከል በጠባብ ስፍራ ያሳልፋል። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት በገባ በ21 ቀን፣ በእመቤታችን በዓል፣ ከሌሎች ካህናት ጋራ ወደዚያ ስንወጣ፣ ጎርፍ በሸረሸረው አንድ ስፍራ ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ድንጋይ እየለቀመ የፈረሰውን መርገጫ ያበጅ ነበር። እኛ ቅዳሴው እንዳያልፍብን እየቸኰልን እርሱ ባኖረው ድንጋይ ላይ ረግጠን አለፍን፤ ከመካከላችን አንድ ቃል የተናገረው የለም። ከኋላችን ምርኩዝ የያዙ አንዲት አሮጊት ይመጡ ነበር። ከስፍራው ሲደርሱ ቆሙ፤ ድንጋዩን አንድ ጊዜ በምርኩዛቸው፣ አንድ ጊዜ በእግራቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ እንዳልተነቃነቀም ባዩ ጊዜ «አበጀህ፣ የኔ ልጅ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው፤ ምንም አልመለሰም። በዓሉን አክብረን ስንወርድ ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ የነበረው ሌላው የፈረሰ ስፍራ ተሠርቶ አገኘነው።

በቅኔ ቤት ልማድ የቃልን ምሥጢር ለማወቅ አስቀድሞ ግሱን መፈለግ ይገባል። የ«አበጀህ» ግስ «በጀ» ነው። በጀ ማለት ጠቀመ፣ ረባ፣ መልካም ሆነ ማለት ነው። ሰው ችግር ሲገጥመው «ምን ይበጃል?» ብሎ ይማከራል፤ ሽማግሌ ሲያስታርቅ «ለሁላችሁም የሚበጀው ይህ ነው» ይላል፤ ድካሙ ከንቱ የሆነበትም «ምን በጀኝ?» እያለ ያዝናል። በዚህ ግስ ራስ ላይ «አ» ስትጨመርበት «አበጀ» ይሆናል፤ ይኸውም ሠራ፣ የተበላሸውን አደሰ፣ አሳመረ፣ ለጥቅም አዋለ ማለት ነው። ገበሬው ሞፈር አበጀ፣ ሸክላ ሠሪዪቱ ጋን አበጀች ይባላል። በሽታ ሲጸና፣ ነገርም ሲከፋ «እግዜር ያብጀው» የምንለው ከዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ «አበጀህ» ማለት ሲተረጐም «ሠራህ፤ የሠራኸውም የሚጠቅም ሆነ» ማለት ነው።

ግእዙም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። «ሠነየ» ማለት አማረ፣ መልካም ሆነ ማለት ነው፤ «አሠነየ» ማለት ደግሞ አሳመረ፣ መልካም አደረገ ማለት ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ስናቆማቸው ሠነየ ከበጀ፣ አሠነየም ከአበጀ አንጻር ይቆማሉ። ከዚህ ከሠነየ የሚወጣው «ሠናይ» የሚለው ቃል በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር ብርሃንን፣ የብስንና ባሕርን፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን ፈጥሮ ሲመለከት መልካምነታቸው የተመሰከረበት ቃል ነው። ሥራን አይቶ መልካም ነው ማለት እንግዲህ ከሰው የተጀመረ ልማድ አይደለም። ፈጣሪ አስቀድሞ ሠራ፤ ቀጥሎ አየ፤ ከዚያም መልካምነቱን መሰከረ። በአሸተን መንገድ ላይ ያየናቸው እናትም ሳያውቁት ይህንኑ ሥርዓት ጠበቁ፤ አስቀድመው ድንጋዩን መረመሩ፣ ከዚያም መሰከሩ።

ቃሊቱን ከእኅቶችዋ ጋራ ስናስተያያት ጠባይዋ ይበልጥ ይገለጣል። «ጎሽ» ለማደፋፈር ትባላለች፤ ሥራው ገና ሳይፈጸምም ትነገራለች። «እሰይ» የተናጋሪውን ደስታ ትገልጣለች። «ይበል» የእኛ የማኅበረ ካህናቱ ናት፤ ባለ ቅኔ ቅኔውን ሲያቀርብ ምሥጢሩ ያማረ እንደ ሆነ ጉባኤው «ይበል!» ይላል። በከተማም ከጣልያን አገር የመጣችው «ብራቮ» ትሰማለች። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ከሁሉ ይልቅ የምትሰማው «ጎበዝ» ናት፤ እርስዋም ሰውየውን ታመሰግናለች። «አበጀህ» ግን ሥራውን ታመሰግናለች። ጎበዝ የተባለ ልጅ ነገ የተሳሳተ እንደ ሆነ ጎበዝነቱ የተወሰደበት ይመስለዋል፤ ስለዚህም ስሕተቱን ሊሸሽግ ይሞክራል። አበጀህ የተባለ ልጅ ግን ነገ ቢሳሳትም የትናንት ሥራው እንዳማረ ይኖርለታል፤ የነገውንም ለማበጀት አይፈራም።

አሁን ወደ ቅዱስ ወንጌል እንመለስ። በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ «ገብር ኄር» ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዚያ ዕለት የምናስበው ምሳሌ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የተጻፈው ነው። አምስት መክሊት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለውም ሁለት አተረፈ። ጌታቸው በተመለሰ ጊዜ ሁለቱንም አመሰገናቸው። ልብ አድርገን ብናነበው ለባለ አምስቱ የተነገረው ምስጋና ለባለ ሁለቱ ከተነገረው በአንዲት ቃል እንኳ አይበልጥም። የትርፉ ብዛት ልዩ ልዩ ሲሆን ምስጋናው ግን አንድ ነው፤ ጌታቸው የተመለከተው እያንዳንዱ በተቀበለው መጠን መታመኑን ነውና። እኛ ግን አዘውትረን የምናመሰግነው ባለ አምስቱን ነው፤ ባለ ሁለቱን ዝም ብለን እናልፈዋለን፤ መክሊቱን ሲቀብረው ደግሞ እንገረማለን።

በቢታንያም፣ በለምጻሙ በስምዖን ቤት፣ አንዲት ሴት ዋጋው የከበረ ሽቱ ይዛ ገብታ በጌታችን ራስ ላይ አፈሰሰች። የነበሩት ሰዎች ተቈጡ፤ ሽቱው ከ300 ዲናር በላይ ተሸጦ ለድሆች ሊሰጥ ይቻል ነበር እያሉ ነቀፉአት። ነቀፌታቸው የጽድቅ መልክ ነበረው። ጌታችን ግን ሴቲቱን እንዲተዉአት አዘዘ፤ ለእርሱ መልካም ሥራ እንደ ሠራች መሰከረላት፤ ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ መታሰቢያ እንዲሆንላትም ተናገረ። ምስክርነቱን እስከ ፍርድ ቀን አላዘገየባትም፤ በዚያው ማዕድ፣ በነቃፊዎችዋ ፊት ተናገረላት። የሚያስፈልጋት በዚያች ሰዓት ነበርና።

ከዚህ በኋላ የራሳችንን ጥፋት ልንናገር ይገባናል። ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ የገጠር ደብር ቅኔ ስናስተምር ዕድሜው ከ15 ዓመት የማይበልጥ አንድ ተማሪ ነበረን። ድሃ ነበረ፤ አእምሮውም ፈጣን አልነበረም። በአንድ ምሽት ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ሊነግረን ቆመ። ጉባኤ ቃና ከቅኔ ዓይነቶች ሁሉ አጭሩ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ነገር ግን የዚያ ልጅ ቅኔ ቤቱ የተስተካከለ፣ ሰሙና ወርቁ የተስማማ ነበር። ጓደኞቹ «ይበል» ሊሉ አስበው የእኛን ፊት ተመለከቱ። እኛ ግን ዝም አልን፤ ሌላውን ተማሪ እንዲያቀርብ አዘዝን። በልባችን ያሰብነው ትዕቢት እንዳይገባው ነው። እውነቱን ስንመረምረው ግን ለእኛም በልጅነታችን ይህች ቃል ስላልተነገረችን መከልከልዋን ሥርዓት አስመስለነው ነበር።

ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ ጉባኤውን ትቶ ሄደ። የሄደው በዚያ ምሽት ምክንያት ብቻ ነው አንልም፤ ድህነቱም ከባድ ነበርና። ከ20 ዓመት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ሸማ ሲሸጥ አገኘነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ጉልበታችንን ሳመ፤ ስለ ጤናችን ጠየቀ። ልንለያይ ስንል «የኔታ፤ ያች ጉባኤ ቃናዬ ምን ነቀፋ ነበረባት?» አለን። የትኛዋን እንደ ሆነ አልጠየቅነውም፤ ወዲያው አስታወስናት። «አንዳች ነቀፋ አልነበረባትም» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያስ ደኅና» ብሎ ወደ ሸማው ተመለሰ።

ወንድሞች ሆይ፤ ያ ሰው 20 ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ተሸክሞ ኖረ። ሸክሙን ልናወርድለት እንችል የነበረው በአንዲት ቃል ነበር። የማያስከፍል ነገር ነፍገን ሰውን ከሰስነው ማለት ነው። ዐሥራት የሚያስቀር ሰው በኑዛዜ ይጠየቃል፤ የተገባ ምስክርነት የሚያስቀር መምህር ግን ማን ይጠይቀዋል?

እንግዲህ «ምስጋና ትዕቢትን ይወልዳል፤ አባቶች ከውዳሴ ከንቱ ሽሹ ብለው አስተምረዋል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አስተምረዋል። ሄሮድስ ሕዝቡ ድምፁን የአምላክ ድምፅ ባሉት ጊዜ ክብሩን ለእግዚአብሔር ስላልሰጠ መልአክ ቀሠፈው። ስለ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም እንዲህ ይነገራል፤ ሕዝቡ ስብከቱን እየሰማ ያጨበጭብ ነበር፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያን ጭብጨባ እንዲቀር አስተማረ፤ ሕዝቡ ግን ያንን ትምህርት ራሱን ደስ ብሎት በጭብጨባ ተቀበለው። ነገር ግን የተገባ ምስክርነት ሌላ፣ ውዳሴ ከንቱ ሌላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያዪቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 11 ሥርዓቱን ስለ ጠበቁ ቆሮንቶሳውያንን አመሰገነ፤ በዚያው ምዕራፍ ወረድ ብሎ ግን ስለ ማዕዱ ያለ ሥርዓት ሲነቅፋቸው በዚህ እንደማያመሰግናቸው ነገራቸው። ማመስገንን የሚያውቅ ስለ ሆነ ተግሣጹ ተሰማ። ምንጊዜም የሚያመሰግንም ሆነ ምንጊዜም የሚነቅፍ ሰው ቃሉ ሚዛን የለውም።

ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? የተገባ ምስክርነት ሥራውን አይቶ ይናገራል፤ ውዳሴ ከንቱ ግን የሰውየውን ሹመትና ማዕድ አይቶ ይናገራል። የተገባ ምስክርነት ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ይመጣል፤ ውዳሴ ከንቱ ሥራ ሳይኖርም ይመጣል። የተገባ ምስክርነት አጭር ነው፤ ውዳሴ ከንቱ ረጅም ነው። አሮጊቲቱ ከዚያ የቆሎ ተማሪ የሚያገኙት አንዳች ጥቅም አልነበረም፤ ስለዚህ ጥቂት ቃል በቃቸው። ባለ ጠጋን ስናወድስ ግን ቀኑ የሚያጥርብን ለምንድር ነው?

ቋንቋችን ራሱ ድንበሩን አኑሮልናል። «አበጀህ» ከሌላው አፍ ስትወጣ በረከት ናት። ያችው ቃል ከባለቤቱ አፍ ወጥታ «አበጀሁ» ስትባል ግን ምን እንደምትሆን ሁላችን እናውቃለን። ልጅ አጥፍቶ ሲገሠጽ ከንፈሩን ገልብጦ «እሰይ፣ አበጀሁ» ይላል፤ አልጸጸትም ማለቱ ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ከ«ህ» ወደ «ሁ» ብትለወጥ ምስጋናው ዐመፅ ይሆናል። ናቡከደነፆር በባቢሎን ቤተ መንግሥቱ ላይ ሲመላለስ ከተማዪቱን በኃይሉ ለክብሩ እንደ ሠራት ተናገረ፤ ያ ንግግር የንጉሥ «አበጀሁ» ነበር። ቃሉ ገና ከአፉ ሳይጨርስ ፍርዱ ደረሰ፤ እንደ በሬም ሣር በላ። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 ግን ጌታችን ደንቆሮውንና ኰልታፋውን ፈውሶ ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው፤ ሕዝቡ ነው እጅግ ተደንቆ ሁሉን መልካም እንዳደረገ የመሰከረለት። ሁሉን ያበጀው እርሱ ዝም አለ፤ ያዩት ተናገሩ። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ የሠራ ዝም ይበል፣ ያየ ይናገር። ሠሪው ሲናገር ትዕቢት ይሆናል፤ ያየው ዝም ሲል ደግሞ ግፍ ይሆናል። እኛ ካህናት የፊተኛውን አጥብቀን ስናስተምር የኋለኛውን ረስተነዋል።

ስለ ሥራና ስለ ዝምታ ይህን ያህል ከተናገርን ላስታን ሳናነሣ ልናልፍ አንችልም። በቅዱስ ላሊበላ ስም በምትጠራው ከተማ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ተፈልፍለው ቆመዋል። ዓለትን መፈልፈል እንደ ግንብ ሥራ አይደለም። ግንበኛ የተሳሳተውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ዓለት ፈልፋዩ ግን አንድ ጊዜ ያነሣውን መልሶ ሊያኖረው አይችልም። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች፣ ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየጠረበ ሲሄድ ዐምዱን፣ መስኮቱን፣ ቅስቱን አስቀድሞ በልቡ አይቶ መተው አለበት። እንዲህ ያለውን ሥራ የሠሩት ጠራቢዎች ስማቸውን በዓለቱ ላይ አልጻፉም፤ «አበጀሁ» ያለ አንድ ስንኳ አናገኝም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1520ዎቹ ዓመታት አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ከጻፈ በኋላ፣ ሰው አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። በዚያው አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ዓለም «አበጃችሁ» ሲል ጠራቢዎቹ ካንቀላፉ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኖአቸው ነበር። እነርሱ ዋጋቸውን ከሚያውቀው ዘንድ ተቀብለዋል። ዛሬ በመካከላችን ውኃ የሚቀዱት፣ ደወል የሚደውሉት፣ መገበሪያ የሚፈጩት ግን ገና አልሞቱም፤ ጆሮአቸውም ይሰማል።

አሸተን ማርያምም በአባቶች ትውፊት በቅዱስ ላሊበላ ዘመን ተጀምራ በቅዱስ ነአኵቶ ለአብ ዘመን ተፈጸመች ይባላል። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ፈጸመ። እንግዲህ ስለዚህች ቤት «አበጀህ» የምንለው ለማን ነው? ለጀመረው ነውን? ለፈጸመው ነውን? ዓለቱን ለጠረቡት ነውን? ወይስ ዛሬ መንገድዋን ለሚያበጀው የቆሎ ተማሪ? ለሁሉም ነው፤ እንደ ባለ አምስቱና እንደ ባለ ሁለቱ ምስጋናቸው አንድ ነው። ነገር ግን የፈጻሚዋን ስም እንመልከት። ነአኵቶ ለአብ ማለት «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። ሥራውን የፈጸመው ንጉሥ የምስጋናውን መድረሻ በስሙ ተሸክሞታል። ለባልንጀራችን የምንሰጠው ምስክርነት በባልንጀራችን ዘንድ አይቀርም፤ እጅን ለሰጠው፣ ዓለቱንም ለፈጠረው ይደርሳል። ስለዚህ አበጀህ የተባለ ክርስቲያን እንዳልሰማ መሆን የለበትም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያሳልፋት። ተቀብሎ ያስቀራት እንደ ሆነ አበጀሁ ትሆንበታለች፤ ያሳለፋት እንደ ሆነ ግን ጸሎት ትሆንለታለች።

እንግዲህ የኔታዎች ሆይ፤ ዛሬ ምሽት ደቀ መዝሙራችሁ ያማረ ነገር ያቀረበላችሁ እንደ ሆነ ነገ እላለሁ አትበሉ። ነገ ልጁ በገበያ ይሆን ይሆናል። አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ስታጠፋ እንደምትጠሩአት ስታለማም ጥሩአት። የደብር አለቆች ሆይ፤ በዓል በደመቀ ጊዜ ለባለ ሥልጣኑ ከምትናገሩት ረጅም ቃል ጥቂቱን ቀንሳችሁ ሌሊቱን ሙሉ ጧፍ ይዛ ለቆመችው ባልቴት፣ ግቢውን ለጠረገውም ድሃ አካፍሉ። ማንም ሰው ሥራውን ሳታዩ አታመስግኑ፤ ሥራውን አይታችሁም ዝም አትበሉ።

እኛም ወደ አሸተን ማርያም እንደገና ለመውጣት ተስፋ እናደርጋለን። ያንን የቆሎ ተማሪ በመንገዱ ላይ እናገኘው እንደ ሆነ፣ ባናገኘውም ባኖረው ድንጋይ ላይ ቆመን የሚገባውን ቃል እንናገራለን። በገበያ ያገኘነውን ሰው ግን ዳግመኛ አላየነውም። ስለ እርሱ የምንለው «እግዜር ያብጀው» ብቻ ነው፤ እኛ ያበላሸነውን ሊያበጅ የሚችል እርሱ ነውና።

በመጨረሻው ቀን ገብር ኄር ከሚባሉት ጋራ ይቈጥረን ዘንድ የአምላክ ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ላሊበላና የቅዱስ ነአኵቶ ለአብ ጸሎት ከሁላችን ጋራ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።